ያለ ውሃ የምትዞረው

አባቴ አጭበርባሪ መሆኑን ያወቅሁት ወንዙ በጎደለበት በጋ ነው። ማንም አልነገረኝም። በገዛ ዓይኔ አይቼ፣ በገዛ ጭንቅላቴ አመዛዝኜ የደረስኩበት ነው። ለረጅም ጊዜም አምኜው ኖሬአለሁ።

የምንኖረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በሰጠን ቤት ነበር። አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ፤ ከጀርባው የውሃ ቦይ ያልፋል። ቦዩ ከወንዙ ተጠልፎ ይመጣና ወፍራም የብረት ቧንቧ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ቁልቁል ወርዶ የኃይል ማመንጫውን ተርባይኖች ይመታል። አባቴ የሚሠራው እዚያ ነው። እናቴ የምትሠራው በፋብሪካው ወዲያኛው ጫፍ፣ ሽመና ክፍል ነው። ቤቱ የተሰጠን በአባቴ ሥራ ነበር። ሥራው ከቀረ ቤቱም ይቀራል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ አንናገረውም እንጂ።

ማመንጫው ውስጥ ሁለት ማሽኖች ነበሩ፤ አንድ ቁጥርና ሁለት ቁጥር። ሆዳቸው ክብ፣ ቀለማቸው ጥቁር አረንጓዴ። ሲዞሩ ወለሉ ከእግር በታች ይንቀጠቀጣል፤ ክፍሉ ዘይትና የሞቀ ቫርኒሽ ይሸታል። አንድ ቁጥርን የሚጠብቀውን ሰው ጡሩምባ ይሉት ነበር። ዕድሜውን ማሽን አጠገብ ስለጨረሰ ጆሮው ደክሟል፤ ስለዚህ ሰላምታውም ጩኸት ነው፣ ምስጢሩም ጩኸት ነው። ሁለት ቁጥርን የሚጠብቀው አባቴ ነው። አባቴ አይጮህም። የሚናገረው ነገር ካለ ጆሮ ድረስ መጥቶ ይናገራል፤ ከሌለው ይተወዋል።

በዚያ በጋ ቦዩ ውስጥ ድንጋዮቹ ራቁታቸውን ወጡ። ጡሩምባ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አያቸው።

«ይሄ ውሃ ለአንድ አፍ ነው የሚበቃው» አለ።

አባቴ ወደ ሁለት ቁጥር ዞሮ አየ። የማን አፍ እንደሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ አንድ ቁጥር አዲስ ነው፣ ሁለት ቁጥር ያረጀ ነው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ የአባቴን ምሳ ይዤ ስገባ፣ የሁለት ቁጥርን የውሃ በር እየዘጋ አገኘሁት። በሩ የሚዘጋው በትልቅ መዘውር ነው። አባቴ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ትከሻውን ጥሎ፣ አልዞር እስኪል ድረስ አዞረው። ቧንቧው ውስጥ ሲንሾካሾክ የነበረው ውሃ ዝም አለ። ማሽኑ ግን አልቆመም።

ቆሜ ጠበቅሁት። ይህን ማሽን የሚያዞረው ውሃ መሆኑን የነገረኝ አባቴ ራሱ ነው። ውሃ ሲዘጋበት እየተጎተተ እየተጎተተ ሲቆም ከዚህ በፊት አይቻለሁ። አሁን ውሃው ተዘግቶ እንደ ትናንትናው ይዞራል። ያው ፍጥነት፣ ያው ድምፅ።

«አባዬ፣ ውሃው ተዘግቷል እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ማን ነው የሚያዞራት?»

ጡሩምባ፣ ሌላ ጊዜ አጠገቡ ሲጠሩት የማይሰማው ሰውዬ፣ ይህችን ከወዲያ ሰማትና ተንከተከተ። «የኔዋ ነቻ! የኔዋ የአባትህን አዝላ ነው የምትሮጠው! እሹሩሩ እያለች!»

አባቴ አልሳቀም። ምሳውን ተቀበለኝ፤ ጎንበስ አለና ጆሮዬ ላይ፣ «ይህን ለእናትህ እንዳትነግራት» አለኝ።

ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልገኛል? ሥራ የለውም። የሚሠራ ለማስመሰል ባዶ ማሽን ያስዞራል። ለእናቴም ይደብቃል።

ዛሬ ሽማግሌ ነኝ። ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ ግን ዕድሜዬን የኖርኩት የተቃጠለ ሞተር እየፈታሁ ሽቦ ስጠመጥም ስለሆነ፣ ያን ቀን ያየሁትን ማስረዳት እችላለሁ። ሁለቱ ማሽኖች በአንድ መስመር ተያይዘዋል። በእያንዳንዳቸው ሆድ ውስጥ የሚዞር ማግኔት አለ። ውሃው ማግኔቱን ሲያዞረው በዙሪያው ከተጠመጠመው ሽቦ ኤሌክትሪክ ይወጣል፤ ያኔ ማሽኑ ጄኔሬተር ነው። ከመስመሩ ሳትነቅለው ውሃውን ብትዘጋበት ኤሌክትሪኩ ከጓደኛው ተነስቶ ወደ እሱ ሽቦ ይገባል። ሽቦው ውስጥ ክብ የሚዞር ስበት ይፈጠራል፤ ማግኔቱም ያን ስበት እግር በእግር ይከተለዋል። አሁን ሞተር ሆነ። አንዲት ብሎን አልተለወጠችም። ፍጥነቱም አይለወጥም፤ በአንድ መስመር ላይ የተያያዙ እንዲህ ያሉ ማሽኖች እኩል ይረግጣሉ እንጂ አንዱ እየቀደመ ሌላው እየዘገየ አይሄዱም። ስለዚህ ቆሞ ለሚያይ ሰው የሚጎትተው የቱ፣ የሚጎተተው የቱ እንደሆነ አይለይም። የሚናገረው የኃይል መለኪያው መርፌ ብቻ ነው፤ የሚጎተተው መርፌ ከዜሮ በታች ትወርዳለች።

ያኔ መርፌ ማንበብ አልችልም። የማነበው የአባቴን ፊት ነበር፤ እሱም ከዜሮ በታች ነበር።

በእረፍት ቀን እናቴ ደጅ ላይ ልብስ ታጥባለች፤ አባቴ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ነኝ።

«እንዲያው ተቀምጬ ነው የምውለው» አላት።

«እኔ ቆሜ ነው የምውለው። እንቀያየር።»

«ቀልዴን አይደለም። በሰው ጫንቃ ላይ ነኝ። መሐንዲሱ አዝኖልኝ ነው ያስቀመጠኝ።»

«ይዘንልህ፤ ምናለበት? ስንት የማያዝን አለ።»

«የድንጋይ መፍጫው ቤት ሰው ይፈልጋል አሉ።»

እናቴ ልብሱን መጭመቅ ተወች። «ቤቱስ?» አለች።

ውሃው ከልብሱ ላይ ሳፋው ውስጥ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል።

እኔ ይህን ሁሉ በራሴ መንገድ ተረጎምኩት። የማመንጫው መሐንዲስ የዋህ ሰው ነው፤ አባቴን አምኗል፤ የነቃ ቀን ግን ጉዳችን ነው። ቤታችን የቆመው በዚያ በተዘጋ መዘውር ምስጢር ላይ ሆነ። እንግዲህ አንድ ሰው መጠበቅ አለበት አልኩና እኔ ልጠብቅ ብዬ ወሰንኩ።

እውነቱ ሌላ ነበር። ውሃውን ያስዘጋው መሐንዲሱ ራሱ ነው። ሁለት ቁጥርን ሳያቆሙ በሩን ይዝጉ፣ የማግኔቱን ጉልበት ግን በእጀታው ይጨምሩላት ብሎ አባቴን አዞታል፤ ምክንያቱንም በጠመኔ ወለሉ ላይ ስሎ አስረድቶታል። አባቴ እሺ አለ። ያልገባውን እሺ ማለት ልማዱ ነበር፤ የኔም ነው። በልቡ ግን አላመነም። ጡሩምባ በየቀኑ እሹሩሩ ሲል ይውላል፣ መርፌዋ ከዜሮ በታች ተኝታለች፤ ይህን እያየ ወጣቱ መሐንዲስ ለሽማግሌ ራርቶ የፈጠረው ሥራ ነው ብሎ ደመደመ።

መሐንዲሱ የገባ ቀን አባቴ እጁን ሊታጠብ ወጥቶ ነበር። መሐንዲሱ ቀጭን ነው፤ ሁልጊዜ የክብሪት እንጨት ይነክሳል።

«አንተ ጩጬ፣ አባትህስ?»

«እጁን ሊታጠብ ሄዷል።»

በክፍሉ ውስጥ ዓይኑን አዟዟረ። «የሁለት ቁጥር በር ዝግ ነው አይደል?» አለ፤ እንዲያው ለአፉ ያህል ነው።

መዘውሩ ፊት ሄጄ ቆምኩ። «ክፍት ነው!»

«ምን?»

«ክፍት ነው! ውሃው እየገባ ነው። አባቴ ሲከፍተው አይቻለሁ። እየሠራች ነው።»

የክብሪት እንጨቱ ከአፉ ወደቀ። ያለችው ውሃ ለአንድ ማሽን ናት፤ ሁለቱም ከጠጧት ቦዩ ይደርቃል፣ ቧንቧው አየር ይስባል። እኔ ይህን አላውቅም። በትከሻዬ ገፋ አደረገኝና መዘውሩን ጨብጦ ነቀነቀው። ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። መርፌዋን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ለምን ዋሸህ?»

አለቀስኩ። አባቴ እጁ እንደረጠበ በሩ ላይ ቆሟል። መሐንዲሱ ሲያየው ሳቁ መጣበት።

«ጋሼ፣ ጠበቃ አለዎት ለካ! ውሃው ክፍት ነው ብሎ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረልዎ እኮ!»

«አባቱን ሊያድን ነዋ!» አለ ጡሩምባ።

«ከምን?» አለ አባቴ።

ማሽኖቹ ብቻ ይጮሃሉ።

ወደ ቤት ስንሄድ በቦዩ ዳር ዳር ነበር የሄድነው። አልተቆጣኝም። ቁጣ ብጠብቅም አልመጣም። ቤቱ ሊታይ ሲል ቆመና፣ «ሌባ መስዬሃለሁ?» አለኝ።

«ለማንም አልናገርም» አልኩት።

ይህን ያልኩት ላጽናናው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ለክት የሚለብሳትን ኮት ለበሰ። ምሳ እንዳላመጣለት ነገረኝ። እናቴ ኮቱን አየችና ኮሌታውን አቃናችለት።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሽመና ክፍል እናቴ ጋ ሄድኩ። ሽመና ክፍል ከጫጫታው የተነሳ ሰው ከሰው በጣት ነው የሚነጋገረው። ሞተሮቹ ግድግዳውን ተደግፈው በተራ ቆመዋል፤ ቀበቶዎቹ ከሞተር ወደ መሸመኛ ይሮጣሉ፤ የጥጥ ብናኙ በአምፖሎቹ ዙሪያ ይንሳፈፋል። እናቴ ብናኝ የነካው እጇን ጭንቅላቴ ላይ አድርጋ ጥግ አስቀመጠችኝ።

ብዙም ሳይቆይ አምፖሎቹ ደከሙ። አልጠፉም፤ ብጫ ሆኑ፣ ከዚያ የረገበ ፍም መሰሉ። የሞተሮቹ ድምፅ ወረደ፤ ቀንበር እንደከበደው በሬ ያጉረመርሙ ጀመር። ቀበቶዎቹ ይንጠፋጠፋሉ። ክር ተበጠሰ፤ እዚያም ተበጠሰ። የላስቲክ ሽታ መጣ። የክፍሉ አለቃ ወንበር ላይ ወጥቶ እጆቹን እያወናጨፈ፣ «አጥፉ! ሞተሮቹን አጥፉ! ሊነዱ ነው!» ይላል። እናቴ ማጥፊያዋን ወደ ታች ሳበች።

ገባኝ። ተነቅቶበታል። ወይም ደግሞ አንድ ቁጥር አባቴን ማዘል ሰልችቷት ጥላዋለች። ከሁለት አንዱ ነው። ሮጥኩ።

እውነቱ ግን ተገላቢጦሽ ነው። የሽመና ሞተሮች ከመስመሩ ሁለት ነገር ይፈልጋሉ። አንደኛው ጨርቁን የሚሸምነው ጉልበት ነው፤ እሱን የሚሰጥ ውሃ ያለው ማሽን ብቻ ነው። ሁለተኛው ሆዳቸው ውስጥ ማግኔት የሚሠሩበት ነው፤ ይህ ሥራ አይሠራም፣ ሄዶ ይመለሳል፣ ሄዶ ይመለሳል፤ ከሌለ ግን ሞተሩ አይነሳም። እሱን ለመስጠት ውሃ አያስፈልግም፤ ማግኔቱ የበረታ፣ እኩል የሚዞር ማሽን ይበቃል። አባቴ ያለ ውሃ ያዞራት ማሽን ይህን ስትሰጥ ነበር የምትውለው። ከአንድ ቁጥር የምትወስደው ራሷን ለማዞር የሚበቃ ጥቂት ጉልበት ነው፤ የምታወርድላት ሸክም ግን ትልቅ ነው። እሷ ስትወጣ አንድ ቁጥር ሁለቱንም ልስጥ አለች፤ አልቻለችም፤ የመስመሩ ቮልቴጅ ወረደ።

ማመንጫው ስደርስ ሁለት ቁጥር እየቆመች ነበር። አባቴ ኮቱን እንደለበሰ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው። ከመስመሩ የነቀላት እሱ ነው። ጡሩምባ አንድ ቁጥር ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ፊቱ በላብ ታጥቧል። ማሽኑ ድምፁን አወፍሯል፤ ቫርኒሹ ይከረፋል።

«መልሳት! እናቴ ትሙት መልሳት! ጋለችብኝ እኮ! ልትነድብኝ ነው!»

«አዝላ አልነበር የምትሮጠው?» አለ አባቴ። «አወረድኩላት።»

«ቀልዴን ነው! ሰው በቀልድ ይህን ያህል ይጨክናል?»

መሐንዲሱ እያለከለከ ገባ። መርፌዎቹን አየ። ለጡሩምባ፣ «ሽመናን ቁረጥ» አለው፤ ጡሩምባ የሽመናን መስመር ቆረጠ፤ የማሽኑ ድምፅ ቀለል አለ። ከዚያ ወደ አባቴ መጣ። ይጮህበታል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ተቀምጬ መብላት አልፈልግም። ልጄ ፊት ሌባ ሆኛለሁ። ልሂድ።»

«ማነው የተቀመጠው?»

«እኔ ነኛ። መርፌዋን አያዩዋትም? ከዜሮ በታች ናት።»

«እሷን መርፌ ይተዉዋት። የነገርኩዎትን አላመኑኝም ማለት ነው?»

«ሊያጽናኑኝ መስሎኝ።»

መሐንዲሱ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። «ጋሼ፣ እኔ ሰው አላጽናናም፤ አላውቅበትም። ሽመናን ያጨለምኩት እኔ አይደለሁም፣ ጡሩምባም አይደለም። አንዲት የማትሠራ ማሽን ነቀሉ፤ ፋብሪካው ተንበረከከ። እንግዲህ እርስዎ ያስረዱኝ።»

አባቴ መርፌውን አየ። ጡሩምባን አየ። ጡሩምባ ፊቱን በእጅጌው ይጠርጋል፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብሎ አየሁት። አባቴ ተነሳ፤ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለው።

የውሃውን በር በጥቂቱ ከፈተ። ውሃው ቧንቧው ውስጥ ማንሾካሾክ ጀመረ፤ ማሽኑ ተነቃነቀ፤ ፍጥነት ያዘ። ሰሌዳው ላይ አምፖሎች በተርታ ተሰክተዋል። እነሱ ይበራሉ፣ ይደክማሉ፣ ይጠፋሉ፤ መልሰው ይበራሉ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ነበር፤ አባቴ መዘውሩን በጣቱ ጫፍ ያህል ሲያስተካክል እየረጋ ሄደ። እጁን ትልቁ ማገናኛ ላይ አድርጎ ቆመ። አምፖሎቹ ደከሙ።

«አባዬ፣ እየጠፋ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

አልሰማኝም። አንዱን ጨለማ አሳለፈው። መብራቱ ተነሳ፣ ወረደ፤ ጨለማው መሃል ላይ ሲደርስ ማገናኛውን ጣለው። ወለሉ አንዴ ድም አለ። ከዚያ ሁለቱ ማሽኖች በአንድ ድምፅ ዘመሩ።

እነዚያ አምፖሎች የሚያሳዩት በመስመሩና በማሽኑ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። እኩል ሲረግጡ ልዩነት የለም፣ መብራትም የለም። ጨለማው ነው ትክክለኛው ሰዓት። ሲበራ የሚያገናኝ ሰው ዘንግ ይሰብራል። ይህን የተማርኩት ሰው ሲሰብር አይቼ ነው።

ማሽኑ ከገባ በኋላ አባቴ ያደረገው ነገር ግን ልቤን አቆመው። መዘውሩን ጨብጦ ውሃውን መልሶ ዘጋው። በመሐንዲሱ ፊት! መሐንዲሱም ቆሞ አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። አባቴ የማግኔቱን እጀታ አዙሮ ጨመረ፤ መሐንዲሱ አሁንም ራሱን ነቀነቀና ለጡሩምባ ሽመናን መልስ አለው። ያኔ የደረስኩበት ድምዳሜ ይህ ነው፦ መሐንዲሱም ገብቶበታል። ተካፋይ ሆኗል። እንግዲህ ማንም አይነካንም።

እናቴ ብናኙን ከጸጉሯ ሳታራግፍ በሩ ላይ ደረሰች።

«መብራቱን ምን አደረጋችሁት? ክሬን በሙሉ በጣጠሳችሁብኝ! እናንተ እዚህ ተቀምጣችሁ—»

«ባልሽን ጠይቂው» አለ ጡሩምባ፤ ድምፁ ተመልሶለታል። «ይቺን ነቅሎ ነው!»

እናቴ ሁለት ቁጥርን አየቻት። «ይቺን?»

«ይቺን» አለ አባቴ።

«እና ይቺ ስትነቀል ነው እኛ ጋ የጨለመው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን አስነካህ?» አለችና ወደ ክሯ ተመለሰች። አባቴ እስክትርቅ ድረስ ከኋላዋ አያት።

ስለ ድንጋይ መፍጫው ከዚያ በኋላ አልተነሳም። ቤቱም በእጃችን ቆየ፤ እህቴ የተወለደችው እዚያው ነው። ጡሩምባ እሹሩሩ ማለቱን አልተወም፤ ግን አሁን አባቴ፣ «ዝም በል፤ ሕፃኑ እንዳይነቃ» ይለዋል፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

ዝናብ እስኪጥል ድረስ ማሽኗ ያለ ውሃ ዞረች። በእነዚያ ሳምንታት አባቴ አዲስ ልማድ አመጣ። ማታ ራት ቀርቦ፣ እጁን ወደ ሳህኑ ከመስደዱ በፊት፣ እናቴን ይጠይቃታል።

«ዛሬ እናንተ ጋ መብራቱ እንዴት ዋለ?»

«ደህና ዋለ» ትለዋለች።

«አልደከመም?»

«አልደከመም አልኩህ እኮ። ብላ።»

እኔ ተነቅቶበት እንደሆነ የሚያጣራ ይመስለኝ ነበር። አንድ ማታ እናቴ መልስ ከመስጠቷ በፊት ቀደምኩና፣ «አይዞህ አባዬ፤ ማንም ምንም አላወቀም» አልኩት።

እናቴ እኔን አየችኝ፣ እሱን አየችው። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ሊያስረዳኝ አፉን ከፈተ፤ ከየት እንደሚጀምር የጠፋው መሰለኝ። ከዚያ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«እንግዲያው» አለ፣ «ሳይነቁብን ቶሎ ብላ።»